የዛሬን ፎቶ በድሮ ኮምፒውተር ላይ፦ በ16 ቀለም የሰው ፊት እንዴት ይወጣል?

የስልካችሁ ካሜራ 12 ሜጋፒክሰል ከሆነ አንድ ፎቶ በወርድ 4000፣ በቁመት 3000 ነጥብ አለው። 12 ሚሊዮን ነጥብ ማለት ነው። እያንዳንዷ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠኗን ለመያዝ ሦስት ባይት ትፈልጋለች። ፎቶው ሳይታመቅ 36 ሚሊዮን ባይት ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 የሚባል የቤት ኮምፒውተር ደግሞ ሜሞሪው በሙሉ 65,536 ባይት ነው። ፕሮግራሙም፣ ድምፁም፣ ስዕሉም የሚኖሩት እዚያው ውስጥ ነው። ለአንድ ባለቀለም ስዕል የሚደርሰው 10,000 ባይት ገደማ ነው። ከ3,600 ባይት አንዷ ብቻ ትተርፋለች ማለት ነው።

ብዙ ሰው ፎቶውን ለአንድ ፕሮግራም ይሰጥና «ኮንቨርት» የሚለውን ይጫናል። የሚወጣው ብዙ ጊዜ ጭቃ ነው። ፕሮግራሙ ምን ያድርግ፤ ለእናንተ የትኛው ነገር እንደሚበልጥ አያውቅም። ለእሱ የእናታችሁ ዓይንና ከኋላቸው ያለው ግድግዳ እኩል ናቸው። የሚቀረውንና የሚጣለውን መምረጥ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ያውም ከመጀመሪያው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ፎቶ ይዘን እንሂድ። ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ የተነሱ አንዲት እናት ናቸው እንበል። ነጭ ነጠላ ለብሰዋል፤ ጥለቱ ቀይና አረንጓዴ ነው። ፊታቸው ጠይም ነው። አንገታቸው ላይ ንቅሳት አለ፤ ጥቁር ማተብም አስረዋል። ከኋላቸው የበርበሬና የሽንኩርት ክምር፣ ላስቲክ፣ የሰው ትርምስ ይታያል።

መጀመሪያ ማሽኑን እንወቅ። ኮሞዶር 64 ያለው 16 ቀለም ነው። ቀለሞቹ ከፋብሪካ የተወሰኑ ስለሆኑ አንዱን በሌላ መለወጥ አይቻልም። በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር የወጣው ዜድኤክስ ስፔክትረም 15 ቀለም አለው፤ ስክሪኑ 256 በ192 ነጥብ ነው። አንድ ሙሉ ስዕሉ 6,912 ባይት ነው፤ ያቺም ከካሴት ስትጫን ከግማሽ ደቂቃ በላይ ትፈጃለች። እ.ኤ.አ. በ1985 የመጣው አሚጋ ይሻላል፤ ከ4,096 ቀለም ውስጥ 32 መርጣችሁ ትጠቀማላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1987 አይቢኤም ያወጣው ቪጂኤ የሚባል የስክሪን ማሳያ ደግሞ በ320 በ200 ስክሪን ላይ ከ262,144 ቀለም ውስጥ 256 ያስመርጣል። በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ ስቶር አቧራ ለብሰው የተቀመጡ አሮጌ ዴስክቶፖች ዶስ በሚባለው የድሮ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከተነሱ ይህን ያሳያሉ።

ኮሞዶር ወይም ስፔክትረም ባሕር ዳር ላይ ተፈልጎ ላይገኝ ይችላል። ግድ የለም። ቫይስ የሚባለው ኢሙሌተር (ሌላ ማሽንን የሚያስመስል ፕሮግራም) ላፕቶፓችሁን ኮሞዶር ያደርገዋል። ለስፔክትረም ፊውዝ አለ፤ ለዶስ ደግሞ ዶስቦክስ። ሦስቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው።

ፎቶው በቴሌግራም የሚመጣላችሁ ከሆነ በፋይል መልክ እንዲላክላችሁ ጠይቁ። እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ይታመቃል። ጄፔግ የሚያምቀው ፎቶውን 8 በ8 ወደሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ ነው፤ በካሬዎቹ ዳርና በነገሮች ጠርዝ ላይ ትንንሽ ቆሻሻ ይተዋል። ስልክ ላይ አይታያችሁም። ቀለሙ ወደ 16 ሲወርድ ግን ያ ቆሻሻ አለቦታው የተረጨ ነጥብ ሆኖ ፊት ላይ ይወጣል።

ከዚያ መቁረጥ ነው። ኮሞዶር በብዙ ቀለም ሲሠራ ስክሪኑ 160 በ200 ነጥብ ብቻ ነው። የእናታችን ሙሉ ቁመና ከነገበያው እንዲገባ ካደረጋችሁ ፊታቸው 15 ወይም 20 ነጥብ ይደርሰዋል። በ20 ነጥብ ዓይን አይሳልም። ንቅሳቱ ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል፤ አንዷ መስመር ከአንዲት ነጥብ ትቀጥናለችና። እኔ ብሆን ገበያውን እተወዋለሁ። ከግንባር እስከ ትከሻ እቆርጣለሁ። እንደዚያ ሲሆን ፊቱ የስክሪኑን ግማሽ ይይዛል፤ ማተቡም ቢያንስ ሁለት ነጥብ ውፍረት ያገኛል። ገበያውን የግድ ማሳየት ከፈለጋችሁ ሌላ ፎቶ ሥሩለት። ሁለቱን በአንድ ስክሪን ማጨናነቅ ሁለቱንም ማጣት ነው።

የቀረውን የኋላ ክፍል አጨልሙት። ጂምፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ዳራውን መርጦ ብርሃኑን መቀነስ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ነጠላው ላይ ያለው ፈዛዛ የጥላ እጥፋት ሁሉ እንዲቀር አትድከሙ። አብዛኛው ንጹሕ ነጭ ይሁን፤ ትልልቆቹ እጥፋቶች ብቻ ይቅሩ። እዚህ የቆጠባችሁት ቀለም ለፊቱ ይውላል።

መጠኑን ስታሳንሱ ደግሞ የአሠራሩን ምርጫ ተመልከቱ። 4000 ነጥብ ወደ 320 ሲወርድ አንዷ አዲስ ነጥብ የ156 ያህል የድሮ ነጥቦችን ቦታ ትወስዳለች። አንዳንድ ፕሮግራም ከ156ቱ አንዷን ብቻ አንስቶ ሌላውን ይጥላል። በዚህ መንገድ ጥለቱ የተቆራረጠ ይሆናል። የሁሉንም አማካይ የሚወስደውን ምረጡ። ካሳነሳችሁ በኋላ ጠርዙን ትንሽ ጥርት ማድረግ (ሻርፕን) ይጠቅማል፤ ከማሳነሳችሁ በፊት ጥርት ማድረጉ ግን ትርፉ ድካም ነው።

ስለ ቅርጽም አንድ ነገር። የቪጂኤ 320 በ200 ስክሪን በድሮው ባለ 4 ለ3 ሞኒተር ላይ ሲሞላ ነጥቦቹ ካሬ አይደሉም፤ ከወርዳቸው ቁመታቸው በአንድ አምስተኛ ይበልጣል። ስለዚህ ባለ 4 ለ3 ፎቶ ወደ 320 በ200 ሲጨመቅ ላፕቶፓችሁ ላይ ፊቱ ጠፍጠፍ ብሎ ይታያል፤ ድሮው ሞኒተር ላይ ግን ልክ ይሆናል። በላፕቶፕ አይታችሁ «ተበላሸ» ብላችሁ እንዳታስተካክሉት። ኮሞዶር ላይ በብዙ ቀለም ሲሠራ ነገሩ በተቃራኒው ነው፤ እያንዳንዷ ነጥብ ወደ ጎን ሰፊ ናት።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

የኮሞዶር 16 ቀለሞች ውስጥ ቡናማ፣ ብርቱካናማና ፈዛዛ ቀይ አሉ። ሦስት ግራጫዎችም አሉ። ከእነዚህ የሐበሻ ፊት ይወጣል። ጥላው ላይ ጥቁርና ቡናማ፣ ጉንጩ ላይ ብርቱካናማ፣ ብርሃን የመታው ግንባር ላይ ፈዛዛ ቀይ። ስፔክትረም ግን ቡናማ የሚባል ቀለም የለውም። ያሉት ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ቢጫና ነጭ፣ ከጥቁር በቀር እነሱው ደግሞ ደመቅ ብለው ናቸው። ፕሮግራሙ ጠይም ፊት ሲያይ «የቅርብ» ያለውን ይፈልግና ቀይ ይቀባዋል፤ ወይም ቢጫና ቀይ ነጥብ ያዥጎረጉርበታል። እናታችን ኩፍኝ የያዛቸው ይመስላሉ። ስፔክትረም ላይ ፊቱን በጥቁርና በነጭ ብቻ እሠራና ቀለሙን ለጥለቱ አስቀምጣለሁ። በጥቁርና ነጭ የተሠራ ፊት ክብሩን ይጠብቃል።

ቪጂኤ ላይ ደግሞ 256ቱን ቀለም የምትመርጡት እናንተ ስለሆናችሁ ችግሩ የቀለለ ይመስላል። መራጩ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀመው ፖል ሄክበርት እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው መንገድ ወይም በእሱ ዘመድ ነው። በፎቶው ውስጥ ያሉ ቀለሞችን ሁሉ አንድ ሳጥን ውስጥ ያስገባል። ሳጥኑ በረዘመበት በኩል፣ እኩል ነጥብ ግራና ቀኝ እንዲሆን አድርጎ ይቆርጠዋል። ከዚያ ግማሾቹን እንደገና ይቆርጣል፤ 256 ሳጥን እስኪሆን። ከየሳጥኑ አማካይ ቀለም ያወጣል።

ብልህ መንገድ ነው፤ ነገር ግን በብዛት ይዳኛል። በክረምት ጮቄ ተራራ ላይ የተነሳ ፎቶ ብትሰጡት ከ256ቱ ውስጥ አብዛኛው አረንጓዴ ይሆናል። ጥግ ላይ ለቆመው እረኛ ፊት የሚተርፈው ጥቂት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ፊቱን ብቻ ቆርጣችሁ ከእሱ አንድ ፓሌት (የቀለም ስብስብ) አውጡ፤ 64 ቀለም ይበቃል። ከቀረው ፎቶ 192 አውጡ። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋችሁ «የራሴን ፓሌት ተጠቀም» የሚለውን ምረጡ። ጂምፕ ይህን ይፈቅዳል።

ቀለም ሲያንስ ሌላ ችግር ይመጣል። ጣና ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ የሰማዩ ቀለም ቀስ እያለ ነው የሚለወጠው። በ16 ቀለም ግን መሸጋገሪያ የለም፤ ሰማዩ እንደ ባንዲራ ሰንበር በሰንበር ይሆናል። ለዚህ የተገኘው ዘዴ ዲዘሪንግ ይባላል። የሌላችሁን ቀለም ካሏችሁ ሁለት ቀለሞች ነጥብ በነጥብ እያቀላቀላችሁ ዓይንን ማሳመን ነው። መሶብ የምትሰፋ ሴት ቀይና ቢጫ የተነከረ አክርማ አቀራርባ ስትሰፋ ከሩቅ ብርቱካናማ እንደሚመስለው ማለት ነው።

የታወቀው አሠራር ሮበርት ፍሎይድና ሉዊስ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙት ነው። በቁጥር እንየው። ጥቁር 0፣ ነጭ 255 ይሁን። ያሉን ሁለቱ ብቻ ናቸው። ፎቶው ላይ ያለው ግን በመስመሩ ሙሉ 100 የሆነ ግራጫ ነው። የመጀመሪያዋ ነጥብ 100 ናት፤ ወደ 0 ትቀርባለችና ጥቁር ትሆናለች። ግን 100 ዕዳ ቀረብን። ዕዳው አይጣልም፤ ለጎረቤት ይከፋፈላል። ከ16 እጅ 7ቱ በስተቀኝ ላለችው፣ 3ቱ በታች በግራ ላለችው፣ 5ቱ ቀጥታ ከታች ላለችው፣ 1ዱ በታች በቀኝ ላለችው። ስለዚህ ሁለተኛዋ ነጥብ 100 ሲደመር 44 ገደማ፣ 144 ትሆናለች። ከግማሽ አለፈች፤ ነጭ ሆነች። አሁን ደግሞ 111 ያህል አብዝተን ሰጥተናል፤ ትርፉ ከጎረቤቶቿ ይቀነሳል። ሦስተኛዋ 51 ሆና ጥቁር ትሆናለች። አራተኛዋ 122 ሆና ለጥቂት ጥቁር ትሆናለች። አምስተኛዋ 154 ሆና ነጭ። ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ነጭ። ከአምስት ሁለቱ ነጭ ሆኑ፤ 100 ደግሞ የ255 39 በመቶ ነው። ሂሳቡ ገጠመ።

ገጠመ ስል ግን አንድ ትልቅ ነገር ዘልዬ ነው። ፎቶው ላይ ያለው 100 የሚለው ቁጥር 39 በመቶ ብርሃን ማለት አይደለም። ዓይናችን በጨለማው በኩል ያለውን ልዩነት በደንብ ስለሚለይ የፎቶ ቁጥሮች ለጨለማው ብዙ ደረጃ ሰጥተው ነው የተደለደሉት። 100 ቁጥር በትክክል ሲለካ 13 በመቶ ያህል ብርሃን ነው። እኛ ግን ከአምስት ነጥብ ሁለቱን ነጭ አድርገን 40 በመቶ ብርሃን ለቀቅን። ሦስት እጥፍ አበራነው።

ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ጠይምና ጥቁር ፊት አብዛኛው ክፍሉ የሚያርፈው ስህተቱ በሚያይልበት በዚህ አካባቢ ነው። በዲዘሪንግ የተሠሩ የአገራችን ሰዎች ፎቶዎች አመድ የነሰነሱበት የሚመስሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሰው «የድሮ ኮምፒውተር እኮ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ማሽኑ ምንም አላጠፋም። ሂሳቡን የሠራው ፕሮግራም ነው የተሳሳተው።

ራሳችሁ አረጋግጡ። አንድ ነጥብ ጥቁር፣ አንድ ነጥብ ነጭ የሆነ የዳማ ገበታ ጂምፕ ላይ ሥሩ። ከጎኑ አንድ ካሬ 128 ግራጫ፣ ሌላ ካሬ 188 ግራጫ ቀቡ። ምስሉን ሳታጎሉ፣ በትክክለኛ መጠኑ አድርጋችሁ፣ ራቅ ብላችሁ እዩ። የዳማ ገበታው የሚመሳሰለው 188ን ነው። ስለዚህ የምትጠቀሙት ፕሮግራም «ሊኒየር» የሚል ምርጫ ካለው አብሩት። ከሌለው ዲዘሪንግ ከማድረጋችሁ በፊት ከርቭ በሚባለው የድምቀት ማስተካከያ መካከለኛውን ድምቀት ወደ ታች አውርዱት። የመጀመሪያ ዓይን ላይ በጣም የጨለመ ይመስላል። ነጥብ በነጥብ ሲሆን ይስተካከላል።

ሌሎች አሠራሮችም አሉ። አፕል ውስጥ ይሠራ የነበረው ቢል አትኪንሰን ዕዳውን ሁሉ አያከፋፍልም፤ ከስምንት እጅ ስድስቱን አከፋፍሎ ሁለቱን ይጥላል። ጥቁሩ ይበልጥ ይጠቁራል፣ ነጩ ይበልጥ ይነጣል። ለዓይንና ለቅንድብ ከፍሎይድ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። የኮዳኩ ብራይስ ቤየር እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው ደግሞ ዕዳ የሚባል ነገር የለውም፤ ቋሚ የቁጥር ሰንጠረዥ በፎቶው ላይ እየደጋገመ ያነጥፍና እያንዳንዷን ነጥብ ከዚያ ጋር ያወዳድራል። ጥልፍ የመሰለ መስመር ይተዋል። ለጣና ሰማይ ግን ጥሩ ነው፤ ሥርዓት ያለው ጥልፍ ከተበተነ ብናኝ ይልቅ ዓይን ያሳርፋል። ስልካችሁ ካሜራ ውስጥ ያለው የቀለም ማጣሪያ አደራደርም የዚሁ ሰው ሥራ ነው።

እስካሁን ያልነው ለቪጂኤ ይበቃል። ኮሞዶርና ስፔክትረም ላይ ግን አንድ ሕግ ይጨመራል። ስፔክትረም ላይ ስክሪኑ 8 በ8 ወደሆኑ 768 ካሬዎች ይከፈላል። በአንድ ካሬ ውስጥ ከሁለት ቀለም በላይ አይፈቀድም። የነጠላውን ጥለት አስቡት። አንገቱ አጠገብ አንዲት ካሬ ውስጥ የቆዳው ቀለም፣ ነጩ፣ ቀዩና አረንጓዴው ይገናኛሉ። አራት ቀለም ለሁለት ቦታ። ሁለቱ ይባረራሉ። ጥለቱ አንገት ላይ ይፈስሳል፣ ወይም አንገቱ ነጠላው ላይ።

ኮሞዶር ትንሽ ለቀቅ ያለ ነው። 1,000 ሳጥን አለው፤ እያንዳንዱ በወርድ 4 በቁመት 8 ነጥብ ነው። በአንድ ሳጥን ሦስት ቀለም ትመርጣላችሁ፤ አራተኛው ለስክሪኑ ሁሉ የጋራ ነው። የጋራው ቀለም ከ16ቱ አንዱ ነው። ከቀሩት 15 ሦስቱን የመምረጫው መንገድ 455 ነው። ጥሩ ፕሮግራም ሁሉንም ይሞክራል፤ 16 በ1,000 በ455፣ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሙከራ ነው። ዛሬ ላፕቶፓችሁ ይህን ለመጨረስ ብዙም አይቆይም። በኮሞዶር ዘመን ይህን የሚሠራው የሰዓሊው ዓይንና ትዕግሥት ነበር።

እናንተ ልትረዱት የምትችሉበት አንድ ዘዴ አለ፤ በጣም የሚሠራ ነው። ፎቶውን ጥቂት ነጥብ ወደ ጎን ወይም ወደ ታች አንሸራትቱት። የጥለቱ ጠርዝ የካሬው ድንበር ላይ ካረፈ ጠቡ ይበርዳል። ለ8 በ8 ካሬ 64 አቀማመጥ ብቻ ነው ያለው። ሁሉንም መሞከር አያስፈልግም፤ የፊቱን ጠርዝና የጥለቱን መስመር ብቻ ተከታተሉ። እነዚህ ማሽኖች ላይ ደግሞ የፍሎይድን መንገድ ብዙ አልወደውም። የአንዱ ካሬ ዕዳ ያ ቀለም ወደሌለበት ካሬ ይተላለፍና ይከማቻል፤ ከዚያ ቦታው ያልሆነ ነጥብ ሆኖ ይፈነዳል። ቤየር እዚህ የተረጋጋ ነው።

ምን ዓይነት ምስል ይሻላል ካላችሁኝ፣ ከፎቶ ይልቅ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። ዘጌ ያለችው የኡራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደስ ግድግዳ ሥዕሎች ለዚህ የተፈጠሩ ይመስላሉ። ቀለሙ ድፍን ነው። እያንዳንዱ አካል በጥቁር መስመር ተከቧል። ዓይኑ ትልቅ ነው፤ ሲያንስም አይጠፋም። ዲዘሪንግ እምብዛም አያስፈልጋቸውም፤ ጥቁሩ መስመርም የካሬዎቹን ጠብ ይሸፍናል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ግን ከባድ ነው። የውሃው ጭስ ጠርዝ የለውም፤ ለዚያ ቢያንስ ቪጂኤ ይዛችሁ ኑ። ሥዕሎቹን ስታነሱ አስፈቅዱ፤ ፍላሽም አጥፉ።

የመጨረሻው ሥራ በእጅ ነው፤ ይህን የሚዘል ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሠራው። ማልቲፔይንት የሚባለው ፕሮግራም የየማሽኑን ሕግ ያውቃል፤ የማይፈቀድ ቀለም አያስቀምጥላችሁም። የእናታችንን ዓይን አጉሉና ተመልከቱ። ዋናው ፎቶ ላይ ብሌኑ ውስጥ የነበረው ነጭ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቷል። በእያንዳንዱ ዓይን አንዲት ነጭ ነጥብ መልሱ። የከንፈሩን መስመር ያቋረጡ ብናኞችን አጽዱ። ንቅሳቱን ከዋናው ፎቶ እያያችሁ በሰማያዊ ወይም በጥቁር ግራጫ እንደገና ሣሉት፤ መስመሮቹ ሁሉ አይገቡም፣ ዋና ዋናዎቹ ይበቃሉ። ማተቡን ቀጥ አድርጉት።

ያለቀውን ስዕል በጄፔግ አታስቀምጡ። ነጥቦቹን አንድ በአንድ የደከማችሁባቸውን ጨፍልቆ ይደባልቃቸዋል። ለማቆያ ፒኤንጂ፣ ለዶስ ማሽን ጂፍ ወይም ፒሲኤክስ ተጠቀሙ። በቴሌግራም ስትልኩም በፋይል ነው። ዶስ ላይ የሚጫን ከሆነ የፋይሉ ስም በላቲን ፊደል፣ ከነጥቡ በፊት ከስምንት ፊደል ያልበለጠ ይሁን፤ ካለዚያ ማሽኑ አያነበውም።